ስምንት ወር ስዬ ለምን ባለሁበት ቆምኩ?

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፤ አዳማ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ከሥራ በኋላ ወደ 40 ደቂቃ እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ። ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምስለው ከስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ የሰው ፊት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለውጥ ነበረኝ፤ አሁን ግን ባለሁበት ቆሜያለሁ። የአያቴን ፎቶ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ አንዱም እሷን አይመስልም። ቤተሰቤ «በጣም ያምራል» ይሉኛል። ሥዕል የሚችል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ላንቺ የተፈጠረ አይደለም» አለኝ። ማንን ልመን? ምን ልለማመድ? ኮርስ ልግባ? ደግሞ ሥዕሎቼ እየተሻሹ ይጠቁራሉ፣ ምን ይሻላል? ሦስተኛውን ሙከራዬንና ዋናውን ፎቶ ልኬያለሁ።

መልስ፦

ማንን ልመን ላልሽው፣ ለጊዜው ማንንም አትመኚ። ቤተሰብሽ «ያምራል» ያሉሽ ስለሚወዱሽ ነው፤ እሰየው፣ ይበሉ። ባልደረባሽ የነገረሽ ደግሞ ስለ ዕጣ ፈንታሽ ነው፤ እሱን ከየት እንዳመጣው እንጃለት። ስለ ሥዕሉ ግን እስካሁን አንድም ሰው ምንም አልነገረሽም። ስለዚህ ከሥዕሉ ልጀምር።

አጉልቼ አየሁት። መስመርሽ አይንቀጠቀጥም። የነጠላውን ጥለት የሠራሽበት ትዕግሥት ብዙ ጀማሪ ጋ የለም። እጅሽ ደህና ነው። የተዛባው ልኩ ነው።

ዓይኖቹ ሽቅብ ወጥተዋል። በሥዕልሽ ላይ ከዓይን እስከ አገጭ ያለው ርቀት፣ ከዓይን እስከ አናት ካለው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የሰው ራስ ግን እንዲህ አይደለም። ከአናት እስከ አገጭ ያለውን እኩል ለሁለት ብትከፍዪው፣ መስመሩ የሚያርፈው ዓይን ላይ ወይም እዚያው አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። መስታወት ፊት ቆመሽ በእርሳስ ለክተሽ እዪው።

ይህን ስህተት ሁሉም ጀማሪ ማለት ይቻላል ይሠራዋል። ሰው ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ነው። ግንባርና ጭንቅላት ምንም አያወሩንም። ስለዚህ እጃችን ለሚያወራው ቦታ ሰፊ መሬት ይሰጣል፣ ለቀረው ደግሞ ትርፍራፊውን። አንቺ ጋ ሌላም አባባሽ ነገር አለ። አያትሽ ሻሽ አስረዋል። ሻሹ አናታቸውን ስለሸፈነው ከሥሩ ምንም እንደሌለ አድርገሽ ሠርተሽዋል፤ ግንባር ላይ የተለጠፈ ወረቀት መስሏል። ከሥሩ ግን ክብ አጥንት አለ። ጨርቁ የሚዞረው እሱን ተከትሎ ነው፣ በዚያ ላይ የራሱ ውፍረት አለው። በሚቀጥለው ሙከራሽ መጀመሪያ አያትሽን ያለ ሻሽ በስሱ ሳዪያቸው፣ ጭንቅላታቸውን ሙሉ አድርጊው፣ ከዚያ ሻሹን አልብሺያቸው።

ሁለተኛው ነገር ዓይኑ ራሱ ነው። ጥቁሩን ክብ ሙሉ አድርገሽ ስለሽ ዙሪያውን ነጭ ትተሽዋል። ለዚህ ነው አያትሽ የደነገጡ የሚመስሉት። ሰው በሰላም ቁጭ ሲል የላይኛው የዓይን ቆብ የጥቁሩን ክብ ጫፍ ይሸፍነዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ቆቡ ወረድ ስለሚል የበለጠ ይሸፍናል። «ነጩ» የምንለውም ነጭ አይደለም። የዓይን ኳስ ክብ ነው፣ ቆቡ ጥላ ይጥልበታል። ስለዚህ ስስ ግራጫ ይፈልጋል። ፎቶው ላይ አንድ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ከዓይኑ አጠገብ አስቀምጪና አወዳድሪ፣ ወዲያው ይታይሻል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባደግንባቸው ሥዕሎች ዓይን ትልቅና ጎላ ያለ ነው፤ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን። ያ የራሱ ትርጉምና ሕግ ያለው የሥዕል መንገድ ነው፣ ስህተት አይደለም። እንደዚያ መሣል ከፈለግሽ አሪፍ ነው። ግን ሳታስቢው ሲመጣብሽ፣ አያቴን አስመስዬ እሥላለሁ ብለሽ የተነሣሽበትን ሐሳብ ያበላሽብሻል።

ሦስተኛው ሽብሽቡ ነው። ፊታቸውን በመስመር ሞልተሽዋል፤ ከፎቶው ይልቅ 20 ዓመት አርጅተዋል። ሽብሽብ መስመር አይደለም። የቆዳ እጥፋት ነው፤ አንዱ ጎኑ ብርሃን ያገኛል፣ ሌላኛው ጥላ ውስጥ ነው። ጥላውን ጎን ብቻ ለስለስ አድርገሽ ሥሪና በአንድ ወገን እንዲሟሟ ተይው። ደግሞ ሁሉንም አትሥሪ። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ፎቶውን ስታዪው የሚጠፉት ሽብሽቦች ሥዕሉ ላይም ባይኖሩ ማንም አይፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ለምን ቆምሽ?

ሦስቱንም የአያትሽን ሥዕሎች ጎን ለጎን ደርድሪያቸው። ዓይኑ በሦስቱም ላይ ሽቅብ እንደወጣ እወራረዳለሁ። ማለትም ሦስት ጊዜ አልሞከርሽም፣ አንዱን ስህተት ሦስት ጊዜ ሠርተሽዋል። በየመሃሉ ደግሞ ጥላው እየተሻሻለ ስለመጣ ስህተቱ ይበልጥ እያማረ ሄደ። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ሚዛኑ አልመታ ሲል «ሒሳብ ለኔ አልተፈጠረም» አትዪም፤ ሙሉውን ሒሳብ ከዜሮም አትጀምሪም። ወደ ኋላ ተመልሰሽ የቱ ጋ እንደተዛባ ትፈልጊያለሽ። ሥዕል ላይም ሥራው ይኸው ነው፣ ሥዕል ሲሆን ግን ሰዉ ሁሉ «ተሰጥኦ» ወደሚል ወሬ ይሄዳል።

ተሰጥኦ የለም አልልሽም። አንዳንዱ ቶሎ ይገባዋል። ግን አያትሽን አስመስሎ ለመሣል የሚያስፈልገው መለካት ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ይማረዋል።

ከፎቶ ስትስዪ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዢ። ጠርዙን ፎቶው ላይ አሳርፊና የአንድ ዓይን ስፋት ምልክት አድርጊበት። ያንን ልክ ይዘሽ ፊቱ ላይ ዙሪ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት አለ። አፉ ስንት ዓይን ይሰፋል? ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ስንት ዓይን ይሆናል? መልሱን ዳር ላይ ጻፊው፣ ከዚያ ሥዕልሽ ላይ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂ። ስልክ ላይ ስትለኪ ፎቶውን እያጎላሽና እያሳነስሽ መሆን የለበትም፤ አንዴ አስተካክለሽ ተይው። ብትችዪ ደግሞ አሳትሚው።

ፊት ለፊትሽ ካለ ነገር ስትስዪ ደግሞ እርሳሱ ራሱ መለኪያሽ ነው። ክንድሽን ሙሉ ዘርጊ፣ ክርንሽ እንዳይታጠፍ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። የእርሳሱን ጫፍ ከነገሩ ላይኛ ጠርዝ ጋር አስተካክዪና ታችኛው ጠርዝ የሚያርፍበትን በአውራ ጣትሽ ያዢ። ያ አንድ ልክ ነው፤ ስፋቱ ከቁመቱ ስንት እጅ እንደሆነ በሱ ታወዳድሪያለሽ። ክንድሽ አንዴ ተዘርግቶ አንዴ ከታጠፈ ልኩ ይቀያየርና ትርጉም ያጣል። ብዙ ሰው «ሞከርኩት አልሠራም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ መያዝም ሌላ ጥቅም አለው። ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ወደ ታች ስታወርጂው የአፍንጫ ክንፍ የት ላይ እንደሚወድቅ ያሳይሻል። አንቺ ሥዕል ላይ ክንፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አፍንጫው ከፎቶው ይጠባል። ከዓይኑ ቀጥሎ መልካቸውን ያጠፋው ይህ ነው።

«ፎቶውን ካሬ አስምሬበት ብገለብጥስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለደንበኛ ፖርትሬት የሚሠሩ ሠዓሊዎች በካሬ ይሠራሉ፣ ነውር የለውም። ልደት ደርሶ ስጦታ መስጠት ካለብሽ አስምሪና ሥሪ። ለመማር ግን ብዙም አልወደውም። ካሬው ያልሽን ታደርጊያለሽ፣ ዓይንሽ ግን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ካሬ የሌለበት ቀን እንደ ድሮው ነሽ። እኔ ብሆን መጀመሪያ በዓይኔ ሠርቼ፣ በመጨረሻ ለማረሚያ ብቻ ካሬ እጠቀማለሁ።

ስለ ጥላ ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ይህን ብዙ ቦታ አታገኚውም። በኢንተርኔት የምናያቸው የእርሳስ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ፊት ነው የሚስሉት። እዚያ ወረቀቱ ራሱ ቆዳ ሆኖ ያገለግላል፤ ሠዓሊው ጥላ ጥላውን ብቻ ይጨምራል። የእኛን ፊት በዚያ መንገድ ስትጀምሪ ወይ አያትሽ ነጭ ይሆናሉ፣ ወይ ደግሞ በመጨረሻ ደንግጠሽ ሁሉንም በጣትሽ ትፈትጊና ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንቺ ሁለተኛውን ነው ያደረግሽው።

ስለዚህ አካሄዱን ገልብጪው። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ 2ቢ እርሳስ (ከ«ቢ» በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል) በጎኑ ይዘሽ ፊቱን በሙሉ በመካከለኛ ግራጫ ሸፍኚ። ሳትጫኚ፣ በለስላሳው። ከዚያ ላጲስ ወስደሽ ብርሃን የመታበትን አንሺ፦ ግንባሩን፣ የጉንጭ አጥንቱን፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የታችኛውን ከንፈር መሃል። ለዚህ እንደ ሊጥ የሚታሸው ላጲስ ይመቻል፤ ካጣሽ ተራውን ላጲስ በምላጭ አሹለሽ ተጠቀሚ። በመጨረሻ በ4ቢና በ6ቢ ወደ ጥልቁ ጥላ ሂጂ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ ከነጣ ቆዳ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ። እነዚያን ጥቂት የብርሃን ቦታዎች በትክክል ካስቀመጥሽ ፊቱ ሕይወት ይዘራል። ጣትሽን ግን ከወረቀቱ አርቂ። የጣት ወዝ ወረቀቱ ውስጥ ይገባና በኋላ ላጲስ አያነሣውም። 6ቢን በጣም ስትጫኚው ደግሞ ያብረቀርቃል እንጂ አይጠቁርም፤ የእርሳስ ጠባዩ ነው። ጥቁሩን በመደራረብ እንጂ በጉልበት አታገኚውም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ላትወጂው ትችያለሽ፦ ለአንድ ወር ፊት አትሳዪ።

ፊት ከሁሉ የሚከብደው በደንብ ስለምናውቀው ነው። ትንሽ ቢዛባ ማንም ይለየዋል። ለአንቺ ደግሞ አያትሽ ናቸው፤ እያንዳንዱ ስህተት ያምሻል፣ ስትናደጂ ደግሞ አትለኪም። ሲኒ ግን ቢንጋደድ አያስለቅስም።

ሲኒ ቤትሽ አለ። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ ማታ ከሆነ አንድ መብራት ብቻ ከጎን ይምጣለት። አፉን በደንብ እዪው። ክብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከተቀመጥሽበት ሲታይ ግን ሞላላ ነው። ጀማሪ የሞላላውን ሁለት ጫፎች ያሾላቸዋል። ሲኒው አፍ ላይ ሹል ቦታ የለም፣ ዳር ላይም ቢሆን መስመሩ ይዞራል። ሥሩን ደግሞ ጀማሪ ቀጥ ባለ መስመር ይዘጋዋል፣ ጠረጴዛው ዝርግ ስለሆነ። ሥሩም ግን ክብ ነው። እንዲያውም ከአፉ ይልቅ ከዓይንሽ ዝቅ ስላለ ጠመዝማዛው ይበልጥ ይጎብጣል። እርግጠኛ ለመሆን ሲኒውን ቀስ እያደረግሽ ወደ ዓይንሽ ከፍታ አንሺው፤ ሞላላው እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ዓይንሽ ጋ ሲደርስ አንድ መስመር ይሆናል። ይህን በእጅሽ ይዘሽ ካየሽው ማንም መጽሐፍ ሊነግርሽ የሚችለውን ያህል ገብቶሻል። በኋላ የሰው አንገት፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ሻሽ በራስ ላይ ሲዞር የምታገኚው ይህንኑ ጠመዝማዛ ነው።

ሲኒው እሺ ሲልሽ ጀበናውን አምጪ። መጀመሪያ መሃሉን የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መስመር ጣዪ፤ ሆዱና አንገቱ በዚያ መስመር ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለባቸው። እጀታው ላይ ስትደርሺ እጀታውን እርሺው። በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳዪ፤ ያ ባዶ ቦታ የራሱ ቅርጽ አለው። እሱን በትክክል ከሳልሽው እጀታው ሳይታወቅሽ ተሠርቷል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ስለ «እጀታ» የምናውቀው ነገር ሁሉ ስለሚረብሸን ነው፤ ስለ ባዶ ቦታ ግን ቀድመን የምናውቀው ነገር የለም። ፎቶን ዘቅዝቆ መገልበጥም የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው።

40 ደቂቃውን ሙሉ በአንድ ሥዕል አትጨርሺው። የመጨረሻውን ሩብ ለማረም አስቀሪ። እርሳስ አስቀምጪ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ፣ ሥዕሉንና ነገሩን አወዳድሪ፣ አንድ ስህተት ፈልገሽ እዚያው ላይ አርሚ። አዲስ ወረቀት ሳይሆን እዚያው ላይ። ይህችን ክፍል ነው ሰው የሚዘላት።

ከቤት ውጭ ደግሞ የታክሲ ሰልፍና የባንክ ወረፋ አለልሽ፣ ከዚያ የተሻለ ሞዴል በገንዘብም አይገኝም። ሰው ሲጠብቅ ይቆማል፣ ክብደቱን ወደ አንድ እግሩ ይጥላል፣ ዳሌው በዚያ በኩል ከፍ ይላል፣ ትከሻው ግን በዚያው በኩል ይወርዳል። አንድ ደቂቃ፣ ስድስት ሰባት መስመር፣ ፊት የለ፣ ጣት የለ። አንዳንዱ «ምን እየጻፍሽብኝ ነው?» ሊልሽ ይችላል። አሳዪው፣ ይስቃል። የማይፈልግ ካለ ደግሞ ወደሌላው ዙሪ።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር። አያትሽን በቅርብ በስልክ ነው ያነሣሻቸው። በጣም ከቀረበ ፎቶ ላይ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለሥዕል ስትፈልጊ ሁለት ሜትር ያህል ራቂ፣ አስፈላጊ ከሆነ በኋላ ቁረጪው። ፍላሽ አጥፊ፤ ጥላውን ሁሉ ይበላዋል። መስኮቱ ከጎናቸው ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ራሳቸው ቡና እየጠጡ ቁጭ ሲሉ መሣል ነው።

አስተያየት ላይ ደርሰናል። «ያምራል ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ያምራል» ከማለት ሌላ ምን ይበሉሽ? ጥያቄሽ ሌላ መልስ አይሰጥም። ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አስቀምጪና «የቱ ጋ ነው የሚለያዩት? አንድ ቦታ ብቻ አሳዩኝ» በዪ። እናትሽ ሥዕል አያውቁ ይሆናል፤ የእናታቸውን ወይም የአማታቸውን ፊት ግን ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቁታል። «ከንፈሯ እንዲህ አይደለም፣ ወደ ግራ ጠጋ ይላል» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህ ወርቅ ነው። ለምን እንደተዛባና እንዴት እንደሚስተካከል መንገር የሥዕል አዋቂው ፋንታ ነው፣ ቦታውን ማሳየት ግን ቤተሰብ ይችላል።

ጊዜውም ይወስናል። ጥላ ከመጀመርሽ በፊት አሳዪ። ልኩ ብቻ በስሱ ተሥሎ እያለ «ዓይኑ ወደ ታች ይውረድ» ቢሉሽ በሁለት ደቂቃ ታወርጂዋለሽ። አምስት ምሽት የለፋሽበትን ጥላ ከጨረስሽ በኋላ ቢነግሩሽ ግን ትቀየሚያለሽ፣ አታርሚውምም። በአብዛኛው ሰው አስተያየት መቀበል አይችልም የሚባለው በጣም ዘግይቶ ስለሚጠይቅ ነው።

የባልደረባሽን ነገር በተመለከተ፣ ሌላ ጊዜ እንደዚያ ሲል «እሺ፣ ግን የቱ ጋ ነው የተዛባው?» በዪው። ዓይኑን ወይም አፍንጫውን ካሳየሽ፣ አፉ ክፉ ቢሆንም ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ተጠቀሚበት። «እንዲሁ ነው፣ አልወደድኩትም» ካለ ደግሞ ቡናሽን ጠጪና ተነሺ።

ክፉ አፍና ጥሩ ዓይን በአንድ ሰው ላይ እንደሚገናኙ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ሠዓሊ ልሁን ብሎ የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፣ በ27 ዓመቱ። አንቺ አሁን ባለሽበት ዕድሜ እሱ ገና አልጀመረም ነበር። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቻርልስ ባርግ የሚባል ፈረንሳዊ ለተማሪዎች ያዘጋጃቸውን የመልመጃ ሥዕሎች ደጋግሞ መገልበጥ ነው። በ1885 ገበሬዎች ሲበሉ የሚያሳየውን «ድንች ተመጋቢዎቹ» የሚባለውን ሥራውን ሠራ፤ የድንጋይ ኅትመቱንም (ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወረቀት ላይ የታተመውን ቅጂ) ለሠዓሊ ጓደኛው ለአንቶን ቫን ራፓርድ ላከለት። ራፓርድ የመለሰለት ደብዳቤ ሻካራ ነበር። የአንዱ ሰውዬ ክንድ ከልክ በላይ እንዳጠረ፣ ከሆድና ከጉልበት ቦታው እንደጎደለ፣ አፍንጫው ግማሽ እንደሌለው ዘረዘረ፤ በዚያ ላይ አጥንት የሚነካ ንቀት ጨመረበት። ቫን ጎግ ተቆጥቶ ደብዳቤውን መልሶ ላከለት፣ ወዳጅነታቸውም ከዚያ በኋላ አልዘለቀም።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ማንም ሙሉ በሙሉ ትክክል ስላልሆነበት ነው። ክንዱ እውነትም አጭር ነው፤ ኅትመቱን ብታዪው ራፓርድን ትሰሚዋለሽ። ቫን ጎግም በቀጣዮቹ ወራት የገበሬዎችን ሰውነት ደጋግሞ ሣለ፤ በ1886 መጀመሪያ ላይ አንትወርፕ አካዳሚ ገብቶ ከጂፕሰም ሐውልት ፊት ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪ ሠራ። ግን ያንን ሥዕል አልካደውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእህቱ ሲጽፍ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ነግሯታል። የክንዱን ልክ የሚመለከተው አስተያየት ሊጠቅመው ይችል ነበር። ገበሬዎቹን ሸካራና መሬት መሬት የሚሉ አድርጎ መሣሉ ግን የሱ ውሳኔ ነው፣ ራፓርድ ሊያርመው አይችልም።

አንቺም እንዲህ ለዪው። «አፍንጫው ጠቧል» ተለክቶ የሚረጋገጥ ነገር ነው፤ ለኪና እውነት ከሆነ አርሚ። «እኔ ብሆን በከሰል ነበር የምሠራው» ምርጫ ነው፤ አመስግነሽ እለፊ።

ማንም ሰው ከሌለ ደግሞ መስታወት አለ። ሥዕሉን በመስታወት ስታዪው ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ የለመድሽው ስህተት እንደ አዲስ ይታይሻል። በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ መገልበጥም ያው ነው፤ ብቻ ስልኩን ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ካጋደልሽው ሌላ መዛባት ይጨምርብሻል። ማታ የጨረስሽውን ደግሞ ጠዋት ቁርስ ስትበዪ እዪው። ማታ የማይታይ ነገር ጠዋት ያፈጣል።

ኮርስ ልግባ ወይ ላልሽው፣ መግባቱ ጥሩ ነው፤ ግን ስሙን አይተሽ አትክፈዪ። አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ ልይ ብለሽ ጠይቂ። አስተማሪው ዕቃ ወይም ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ያሥላል ወይስ ሁሉም ከስልክ ፎቶ ይገለብጣል? እየዞረ በእያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ያርማል ወይስ «ጎበዝ፣ ቀጥሉ» ብሎ ይወጣል? የሚያርም ከሆነ ክፈዪ። ነገሩ ከምሽት ልምምድ አልፎ ሙያ ይሁንልኝ ካልሽ ደግሞ አዲስ አበባ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ሲኖር ሂጂና ሥራዎቹን በቅርብ እዪ፤ ስልክ ላይ ከሚታየው ሌላ ነገር ነው። የእርሳሱ አካሄድ፣ በላጲስ የተነሣው ቦታ፣ የታረመው መስመር ሁሉ ይታይሻል።

የቀረችው መሻሸቷ ናት። ቀኝ እጅ ከሆንሽ ከላይ ከግራ ጀምረሽ ወደ ታች ወደ ቀኝ ውረጂ፣ ግራ እጅ ከሆንሽ በተቃራኒው። ከመዳፍሽ ሥር ሁልጊዜ ንጹህ ወረቀት ይኑር፤ ስታነሺው ግን ብድግ አድርገሽ አንሺው፣ አትጎትቺው። ለሥዕል ማጽኛ የሚሆን ስፕሬይ የሥዕል ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች አለ፤ ከርቀት በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረቀ ይረጫል፣ መስኮት ከፍተሽ። ብዙ ሰው በሱ ፈንታ የፀጉር ስፕሬይ ይረጫል። ለልምምድ ወረቀት ይሁን፣ ለአያትሽ ሥዕል ግን አልመክርም፣ ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ያለቁትን ደርበሽ ስታስቀምጪ በየመሃላቸው የዳቦ መጋገሪያ ስስ ወረቀት አስገቢ፣ ፋይሉን ደግሞ አጋድመሽ እንጂ አቁመሽ አታስቀምጪው።